ሰም ያጣ ወርቅ

ፊልም አልቆ መብራት ሲበራ ተመልካች «አልወደድሁትም» ብሎ ቢወጣ መብቱ ነው። «አልገባኝም፤ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ ግን ነገሩ ከአንድ ምሽት ቅሬታ ያልፋል። በቦሌ ከሚገኙ አዳራሾች በአንዱ «ክራምብስ» በታየበት ምሽት ይህ ጸሐፊ የታዘበው ይህንኑ ነው። የሰላም ተስፋዬን ስም ሰምቶ የፍቅር ፊልም ሊያይ የመጣው ሕዝብ ገና ከእኩሌታው ይቁነጠነጥ ጀመር። ከፊሉ አቋርጦ ወጣ፤ እስከ መጨረሻው የጸናውም የገርጂ ታክሲ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይጠያየቅ ነበር።

ለመሆኑ ያ ተመልካች ምን ጎደለበት?

ፊልሙ የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ፤ ርዝመቱም 68 ደቂቃ ነው። ዓለም ከጠፋች በኋላ፣ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ የኖረ የጠፈር መርከብ የመነሣት ምልክት ሲያሳይ፣ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ስብርባሪ ለቃሚ ፍቅረኛውን ትቶ መንገድ ይጀምራል። በዚያ ዘመን የፕላስቲክ አሻንጉሊት እንደ ቅርስ ይከበራል፤ ማይክል ጆርዳንም ይመለካል።

አስቸጋሪነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ ወርቁን ይሰውራል፤ ሰሙ ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። ወርቁን ያላገኘ አድማጭ እንኳ ሰሙን ይዞ ይሄዳል። አስቸጋሪ ፊልምም በዚሁ ሚዛን ቢመዘን አይበደልም።

በዚህ ሚዛን «ክራምብስ» እኩሌታው ያልፋል። ዋናው ሰው በየሰፈራችን «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ሰው ይመስላልና ሰም አለው። ሌላው የጣለውን ዕቃ አገላብጦ ዋጋ መተመን ምን እንደሆነ ለመረዳት የአዲስ አበባ ሰው አስተማሪ አያሻውም። የገና አባት ብቅ ሲል ግን ክሩ ይበጠሳል። የገና አባት በቦሌ ሱቆች ደጃፍ በፈረንጆች በዓል ሰሞን የሚቆም ጌጥ ነው፤ በልጅነቱ አምኖበት፣ ሲያድግ የካደው ሰው በመካከላችን እምብዛም አይገኝም። ምጸቱ ግን ያንን እምነት ላጣ ሰው የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ ፊልሙ በአማርኛ ተጽፎ ወደ ሌላ አገር የተላከ ደብዳቤ ይመስላል።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ከዚህ ጋር እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም እርሱም ቀላል አይደለም። ጊዜው ይቆራረጣል፤ ሕልምና ትዝታ ይደበላለቃሉ። ሆኖም ልጇን የምትጠብቀው እናት፣ ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው በዋሻ የሚደበቁት ወጣቶች ለተመልካቹ የቅርብ ሰዎች ናቸው። የታሪኩ ክር ቢጠፋበት የሚጨብጠው ሰው አያጣም።

ያፈረ ተመልካች ሁለተኛ ከባድ ፊልም አይደፍርም። ነገ አዲስ መንገድ የሚሞክረው የአገራችን ፊልም ሠሪ የሚፈልገው ግን ይህንኑ ተመልካች ነው። ስለዚህ አዳራሾች እንዲህ ያለውን ሥራ በተዋናይ ስም ብቻ ከመሸጥ ይልቅ ጠባዩን አስቀድመው ቢያስታውቁ፣ ከትርኢቱም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ውይይት ቢያዘጋጁ ይበጃል። ተመልካቹም አንገቱን ቀና አድርጎ «ሰሙ የት አለ?» ብሎ ይጠይቅ።