መቶ ብር ላይ የተሰመረው መስመር

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ሁልጊዜ የሚነሳው በወሰደው ነገር ነው። የከተማን ቦታ በሙሉና ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለውን ቤት ሁሉ የመንግሥት አደረገ። ቤት የተወረሰባቸው ቤተሰቦች ቁጭታቸውን ተናግረዋል፣ ጽፈዋል፣ መንግሥት ሲለወጥም አቤት ብለዋል። አዋጁ የሰጠው ግን አንባቢ አጥቷል። እዚህ የማነበው ያንን ችላ የተባለ ክፍል ነው፤ ተከራዩ የሚኖርበትን ቤት ራሱ እንዲያስተዳድር ተብሎ የተጻፈውን።

መግቢያው የቁጣ ጽሑፍ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ ከታወጀ አምስት ወር ሳይሞላ የወጣ በመሆኑ ቋንቋውም የዚያው ወንድም ነው። ባላባቱ፣ መኳንንቱ፣ ከፍተኛ ሹሙና ከበርቴው ሰው ሠራሽ የቦታ እጥረት እየፈጠሩ የከተማውን ሕዝብ እንዴት እንደመዘበሩት ይዘረዝራል። አንቀጾቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይበርድና ልኬትና ስሌት ይጀመራል። ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆን ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር፤ ለተወሰደ ቦታ ካሳ የለም፣ ለተወሰደ ቤት ግን ይታሰባል፤ ኪራይ ይቀነሳል፣ ለዝቅተኛው ተከራይም እስከ ግማሽ ድረስ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የከተማ ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ነዋሪው በቀበሌው ይደራጃል፣ መሪዎቹን ይመርጣል፤ ከቀበሌው በላይ ከፍተኛ፣ ከዚያም በላይ ማዕከላዊ ማኅበር ይቆማል። ማኅበሩ ኪራይ ይሰበስባል፤ የሰበሰበውን በአነስተኛ ወጪ ቤት ለመሥራትና የሰፈሩን ኑሮ ለማሻሻል ያውላል፤ በፍርድ ሸንጎው የጎረቤት ክርክር ይሰማል። ድፍረቱ ያስገርማል። በእንግሊዝ አገር የማዘጋጃ ቤት ተከራዮች ተደራጅተው ሕንፃቸውን የማስተዳደር መብት በሕግ ያገኙት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛው አዋጅ 19 ዓመት ቀድሞ ጽፎታል።

ስለዚህ አዋጁን በከንቱ ምኞት መውቀስ ስህተት ይመስለኛል። ድክመቱ ሌላ ቦታ፣ ተራ የሒሳብ ጉዳይ በምትመስል አንዲት ድንጋጌ ውስጥ ነው። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር የማይበልጥ ቤት ለነዋሪዎች ማኅበር ተሰጠ። ከ100 ብር በላይ የሚከራየው አዋጁን በሚያስፈጽመው ሚኒስቴር በኩል በኋላ «ኪራይ ቤቶች» ተብሎ ለታወቀው፣ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ለሆነው መሥሪያ ቤት ገባ። ቪላውና ፎቁ ገቢውን ይዞ ወደ ላይ ሄደ። የጭቃ ቤቱ፣ ሽንት ቤቱና ማጀቱ የጋራ የሆነው ግቢ፣ ያረጀው ቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ለነዋሪው ቀረ፤ እሱም ኪራዩ እስከ ግማሽ ከተቀነሰ በኋላ። ጥገና በብዛት የሚያስፈልገው ቤት በጣም ትንሽ ገንዘብ ወደሚያስገባው እጅ ተላለፈ። ያንኑ ትንሽ ገንዘብ እንኳ ማኅበሩ የሚያወጣው ሚኒስቴሩ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት ነበር።

መስመሩ የተሰመረው አዲስ አበባን በማየት እንደሆነ ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል። የ1967ቷን ደብረ ብርሃን ያስቧት፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትነሳ የደጋ ከተማ። በወር ከ100 ብር በላይ የሚከራይ ስንት ቤት ሊኖራት ይችል እንደነበር መገመት አያዳግትም። አንኮበር ላይ ሲደርስማ አዋጁ የሚናገርበት ነገር ያጣል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫነቷ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ ወዲህ እየቀነሰች የሄደች ከተማ ናት። ለእሷም ያው 500 ካሬ ሜትር፣ ያው 100 ብር። የሸዋ ደጋ ሌሊት ውርጭ ያለበት ስለሆነ በደጋው ከተማ ጣራና ግድግዳ የጤና ጉዳይ ነው፤ የቤት ጥገና ወጪ በአየር ጠባይና በከተማ መጠን እንደሚለያይ ግን ከአንቀጾቹ አንዱም አይጠረጥርም።

ማኅበሩን የገደለው ግን የገንዘብ እጦት ብቻ አልነበረም። በ1969 የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ማኅበራቱን ሲያጠናክር የአብዮት ጥበቃውን ሥራም አሸከማቸው። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ ማለት ጠመንጃና እስር ቤት ሆነ፤ በኋላም የኅብረት ሱቁ ስኳርና የስብሰባ ፊርማ ተከተሉት። ጣራዬ አፈሰሰ ብሎ እጁን ለማንሳት የሚነሳሳ ተከራይ መጀመሪያ ማን ፊት እንደሚያነሳው ማሰብ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ቀበሌ ያው የመንግሥት የታችኛው እርከን ነው፤ የነዋሪ ማኅበር ሆኖ መጀመሩን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

በዚያው ግቢ፣ በእነዚያው ሰዎች የሚመራው እድር ግን አልሞተም። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ የቀረውን ይቀጣል፣ ሒሳቡን በአባላቱ ፊት ያወራርዳል። ደርግን አሳልፎ እስከ ዛሬ የቆየው ሣጥኑ የራሱ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። የአዋጁ አርቃቂዎች ከደጃቸው ያለውን ይህን ተቋም አለማየታቸው የጽሑፋቸው ትልቁ ጉድለት ነው፤ ነዋሪው ማስተዳደር እንደሚችል ማስረጃው እዚያው ነበር።

ስሙ የነዋሪ ሆኖ ጆሮው የሌላ የሆነ ድርጅት በእኛ አገር ብቻ አልታየም። ሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ 72 ሰው የጨረሰው የግሬንፌል ፎቅ ቃጠሎ የደረሰው «የተከራዮች አስተዳደር ድርጅት» በሚባል ተቋም ሥር በነበረ ሕንፃ ላይ ነው። ነዋሪዎች ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው ጽፈው ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ.፣ የማኅበራዊ ቤቶች ቁጥጥር ሕግ ተሻሽሎ ተቆጣጣሪው አካል በአከራዮቹ ላይ ጥብቅ ሥልጣን አገኘ።

የእኛ አዳዲስ ሕጎች ይህን የተከራይ ድምፅ ክፍተት እየዞሩ ያልፉታል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ኮንዶሚኒየሙን የሚያስተዳድር ማኅበር አቋቁሟል፤ የባለቤቶች ማኅበር ነው። በዚያው ፎቅ ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ስለ ደረጃው መብራት ሐሳብ ሊሰጥ ይችል ይሆናል፣ አባልነቱ ግን የባለቤቱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በበኩሉ ለግል ተከራይ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስም ለ2 ዓመት እንዲጸና አድርጓል። መልካም ነው። እዚያ መንግሥት በአከራይና በተከራይ መካከል ይዳኛል። በቀበሌ ቤት ግን አከራዩ ራሱ መንግሥት ነው፤ ዳኛው ማን ይሁን?

ጥያቄው የወረቀት አይደለም። በ2016 በኮሪደር ልማት ከፒያሳ የተነሱ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ምትክ ቤት ሲሄዱ ድርድሩ በአንድ ወገን የተደራጀ መሥሪያ ቤት፣ በሌላው ወገን ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለየብቻው የቆመበት ነበር። የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቷል። በ2011 ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት፣ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ተፈናቃይ ወገኖችንም ያስጠለለች ደብረ ብርሃን ቤት ፈላጊዋ በዝቷል፤ የመሀል ከተማ ቦታም ተፈላጊ ሆኗል። አሮጌዎቹ የቀበሌ ቤቶች ያሉት እንዲህ ባለው የከተማ እምብርት ነው። ነዋሪያቸው ሲነሳ በምን ድምፅ እንደሚናገር የ1967ቱ ጽሑፍ አላሰበበትም፤ ያቋቋመው ማኅበር ቢኖር ኖሮ ግን ቢያንስ የሚናገር አካል ይኖር ነበር።

ከ1967ቱ አዋጅ አንድ ድንጋጌ ብቻ መልሰህ አውጣ ብባል የምመርጠው ኪራዩን ለቤቱና ለሰፈሩ ያዋለውን ነው፤ የሚኒስቴሩን መመሪያ ሰርዤ፣ የ100 ብሩንም መስመር አጥፍቼ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ነው ይባላል። ትንሽ መሆኑን ከተከራዩ ጋር ቁጭ ብሎ ሒሳቡን ማሳየት፣ ኪራዩ ይጨመር ወይስ ጣራው በደቦ ይጠገን የሚለውንም እሱ እንዲወስን መተው ይቻላል። ለዚህ አዲስ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ የዓመቱን የኪራይ ገቢና የጥገና ወጪ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል።