ከጽዋው በፊት፦ ፈተናና ዕድገት በገድለ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ

የገድል ሂስ ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላል፤ ወይ ተአምራቱን ከታሪኩ ለይቶ ይጥላል፣ ወይ ተአምራቱን ብቻ ይዞ ሰውየውን ይረሳል። ይህ አጭር ጽሑፍ ተአምሩ በትረካው ውስጥ የት ቦታ እንደተቀመጠ ለመመርመር ይሞክራል።

ጋስጫ የሚገኘው በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ዋና ከተማው በሆነችው በቦረና ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን፣ መጽሐፈ ሰዓታትንና አርጋኖንን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ በዚህ ስም ይጠራል። ገድሉ እንደሚተርከው፣ አባቱ ሕዝበ ጽዮን ለትምህርት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይልከዋል። ልጁ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አይገባውም። እህል እየፈጨ ገዳሙን ያገለግላል፤ ባልንጀሮቹ ይንቁታል። በመጨረሻ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋ ታጠጣዋለች፤ አእምሮው ይከፈታል።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ሳስተምር አንድ ተማሪ፣ «ጽዋ ያልወረደለትስ ምን ይሁን?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ጥያቄው ግን ገድሉን እንደገና እንዳነብ አስገደደኝ።

በሌሎች ገድሎች ፈተና በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ በአውሬ፣ በዘንዶ ወይም በዝሙት መንፈስ ይመሰላል። እዚህ ግን ፈታኙ ተስፋ መቁረጥ ነው። ወፍጮውን ትቶ ወደ አባቱ ቤት መመለስ ኃጢአት አይመስልም፤ እንዲያውም ምክንያታዊ ይመስላል። የፈተናው ክብደትም እዚህ ላይ ነው። ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ያሬድ ዛፍ ለመውጣት ደጋግሞ የሚወድቅ ትል አይቶ ይማራል፤ ምሳሌው በዓይኑ ፊት አለ። ጊዮርጊስ ግን የሚያጽናናው ምልክት ሳያይ ይቆያል። እንግዲህ ጽዋው ሰባቱን ዓመታት አይሽራቸውም፤ የወረደው በሩን ሳይዘጋ ለቆየ ሰው ነው። ለተማሪዬ ዛሬ የምመልስለት ይህንኑ ነው፦ ገድሉ ጽዋውን ከማውረዱ በፊት መቆየትን ራሱን ዕድገት አድርጎ ያሳየናል።

ይሁን እንጂ ትረካው አንድ ድክመት አለው። ከጽዋው በኋላ ባለታሪኩ በውስጡ አይፈተንም። ክርክሩ፣ ክሱና እስራቱ ሁሉ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ያወቀውን ይመሰክራል እንጂ ሲያድግ አይታይም። የዐዋቂ ሰው ፈተና የሆነውን ትዕቢትን ገድሉ በዝምታ ያልፈዋል።

የጎደለውን የሚሞሉት ድርሰቶቹ ናቸው ለማለት ይቻላል። በ1424 (እ.ኤ.አ.) የተፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃንን የሚረታ የሊቅ ድምፅ ነው። በሰዓታቱ ውስጥ ግን ያው ሊቅ በየሰዓቱ እንደ አዲስ ይለምናል። አንዱ እጅ ሁለቱንም መጻፉ፣ ዕውቀቱ ልመናውን እንዳላስተወው ያስረዳል።

ስለዚህ ገድሉን ከድርሰቶቹ ነጥሎ ማስተማር ታሪኩን በጽዋው ላይ ማቆም ይሆናል። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ከወፍጮው እስከ ሌሊት ጸሎቱ የሚዘልቅ አንድ መንገድ ይታያል፤ ጽዋው የመንገዱ አጋማሽ ነው።