የተቀደደ የትከሻ ጅማት ሁሌም ይብሳል?

ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ስትሉ በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀውን ወለቃን ታገኛላችሁ። እዚያ አፈር እየወቀጠች፣ ውኃ በእንስራ እየተሸከመች የኖረች አንዲት እናት ክንዷን ስታነሳ ትከሻዋን ያማታል እንበል። የምርመራው ውጤት «ጅማቱ በከፊል ተቀዷል» ይላል። ልጆቿ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ጨርሶ ይበጠስ ይሆን?

(የቦታው ስም «ወለቀ»ን ቢያስታውሳችሁም ይሄ ውልቃት አይደለም። አጥንቱ ቦታው ላይ ነው፤ የተጎዳው ጡንቻውን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ነው። ወጌሻ ጎትቶ የሚመልሰው ነገር የለም።)

ለጥያቄው መልስ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታገኙት ቁጥር ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ያማናካና ማትሱሞቶ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 40 በከፊል የተቀደዱ ጅማቶችን ያለ ቀዶ ጥገና ከአንድ ዓመት በላይ ተከታትለዋል። 80 በመቶ ገደማው ባሰ፤ ከጠቅላላው 28 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ከአንዱ ገጽ እስከ ሌላው ዘልቆ ተበሳ። ቀሪው ግን ወይ ጠበበ ወይ ጨርሶ ጠፋ። አለቀ በቃ? ቆይ! በ2009 ማማንና ባልደረቦቹ በኤምአርአይ ሲያዩት የባሰው 8 በመቶው ብቻ ነው። በ2015 የወጣው የኪነርና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ 44 በመቶ አለ።

ታዲያ የትኛውን እንመን? እኔን የሚያናድደኝ አንዱን ቁጥር ብቻ መዝዞ «ካልተሠራ ይበጠሳል» ወይም «ተዉት፣ ምንም አይሆንም» የሚለው ወሬ ነው። ጥናቶቹ አንድን ነገር አልለኩማ! የመጀመሪያው መገጣጠሚያው ውስጥ ቀለም ተወግቶ በሚነሳ ራጅ ነው የሠራው፤ በዚህ ዘዴ የሚታየው ከውስጥ በኩል ያለው ቅድ ብቻ ነው። ኪነር ግን በአልትራሳውንድ፣ መጀመሪያ ላይ ምንም የማያም ትከሻ የነበራቸውን ሰዎች ነው ለአምስት ዓመት ገደማ የተከታተለው። በዚያው ጥናት ሲጀመር ጅማታቸው ደህና ከነበረው ትከሻዎች እንኳ 14 በመቶው ላይ ለውጥ ታይቷል። ስለዚህ ከ44ቱ ላይ የዕድሜን ድርሻ መርሳት የለባችሁም።

ሌላም አለ። ምስሉ ላይ ቅዱ መስፋቱና ሰውየው መታመሙ አንድ አይደሉም። በኪነር ጥናት ቅዱ የሰፋባቸው ሰዎች አዲስ ሕመም የመሰማት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ሁሉም ግን አልታመሙም። ደግሞ ከሦስቱ አንዱም እንስራ ወይም ጀሪካን የሚሸከሙ ሴቶችን ለይቶ አልተከታተለም። ለወለቃዋ እናት ይሄ ትንሽ ጉድለት አይደለም።

እስከዚያው የብዙዎቹ ሕክምና የሚጀምረው ያለ ቢላ ነው፦ ሸክሙን መቀነስ፣ በባለሙያ የሚታይ የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ ከወራት በኋላ ድጋሚ ምርመራ። ወድቃ ክንዷን ድንገት ማንሳት ካቃታት ግን ወራት አይጠበቅም፤ በቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዷት።