ብርሃንን በጥላው መመርመር

በዘይት ቀለም ከተሣለ የምድር ገጽ ፊት የቆመ ሰው አስቀድሞ የሚያደንቀው ብርሃኑን ነው፤ እኔ ግን መርማሪው ዓይኑን ከብርሃኑ መልሶ ወደ ጥላው ቢያቀና የሠዓሊውን ዕውቀት ፈጥኖ ይደርስበታል እላለሁ፤ ብርሃንን ነጭና ብጫ ቀለም በማብዛት ማስመሰል ይቻላልና፥ ጥላ ግን ያላስተዋለውን ሁሉ ያጋልጣል። ቅዱሳኑ በመሬት ላይ ጥላ በማይጥሉበት በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላደገ ዓይን ይህ ነገር መጀመሪያ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል።

ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ በዢቨርኒ መንደር፥ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1890 እና በ1891፥ 25 በሚያህሉ ሸራዎች ላይ የሣላቸው የእህል ክምሮች ለዚህ ምስክሮቼ ናቸው። ክምሩ ያው ክምር ሲሆን የሚለዋወጠው ሰዓቱና ወራቱ ነው፤ በበረዶው ላይ የወደቀው ጥላም፥ ፀሐይ የነፈገችውን ስፍራ ሰማዩ ስለሚያበራው፥ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ ከበስተኋላው በምትጠልቅበት ሸራ ደግሞ ያው የጥላ ወገን በቀይ ይግላል። (ራሽያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ ከነዚህ ሸራዎች አንዱን በሞስኮ ባየ ጊዜ ክምር መሆኑን የተረዳው ከትርኢቱ መዝገብ አንብቦ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ቢሆን መዝገብ ባላሻው ነበር።) ስለዚህ ጥላው ሁሉ በአንድ ዓይነት ጥቁር የተለወሰበትን ሸራ፥ ፀሐዩ የቱንም ያህል ቢያንጸባርቅ፥ እኔ በገንዘቤ አልገዛውም።

የብሩሹም ፈለግ ጎልቶ መታየቱ ብቻውን ምስጋና አያሰጠውም፤ ገለባው ወደ ተዘነበለበት መዘንበል፥ ውሃው በተኛበት መተኛት ይገባዋልና፥ ሠዓሊው የእጁን ፍጥነት ሊያስመሰክር ያሳረፈው ቀለም ግን ከንቱ ውዳሴ ነው። በቅርብ ሲያዩት ትርጉም የሌለው የቀለም ጉብታ የነበረው፥ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ሣርና ጭጋግ ሆኖ ይሰበሰብ እንደሆነ፥ ዓይንንም ከደን ሲያደርጉ ብርሃኑና ጥላው በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይለዩ እንደሆነ መመልከት ነው።

ለገዢ የሚሆን አንድ ነገር ቀርቶኛል። የተልባ ዘይት የበዛበት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ፥ ዘይት ያነሰው ድራብ በላዩ ከተቀባ የላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሸራውን ወደ መስኮት ብርሃን አዘንብሎ፥ ቀለሙ በወፈረበት ስፍራ ሁሉ ቀጭን ስንጥቅ አለመኖሩን ይመርምር።