ከረጢት ውስጥ የሚሠራ መከላከያ

ታማር የምትባለው ትንሽ የአውስትራሊያ ዋላቢ ከአንድ ወር በማይሞላ እርግዝና የምትወልደው ግልገል ግማሽ ግራም እንኳ አይመዝንም። ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ፀጉር ያልነካው ነው፤ በፊት እግሮቹ እየቧጠጠ ወደ እናቱ ከረጢት ይገባና ጡት ይጎርሳል። በዚያች ሰዓት በሽታ የሚከላከልበት አካል ገና ጅምር ነው። የመከላከያ ሴሎች የሚበስሉበት ታይመስ ዕጢው ሊምፎሳይት የሚባሉት ሴሎች የሉትም፤ ደም የሚያመርትለትም መቅኔው ሳይሆን ጉበቱ ነው። ሌሎች አጥቢዎች አብዛኛውን በማህፀን የሚጨርሱትን ሥራ እሱ የሚሠራው ባክቴሪያ በሚኖርበት ከረጢት ውስጥ ነው።

ቀድሞ የሚደርሰው የአንገቱ ታይመስ ነው። ዋላቢና ካንጋሩ ከደረታቸው ሌላ አንገታቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ ታይመስ አላቸው። ይህኛው በሁለት ሳምንት ገደማ ቅርጽ ይይዛል፤ ጣፊያና የሊምፍ ዕጢዎች ዘግይተው ይከተላሉ።

እስከዚያ ጠባቂው እናቱ ናት። ልትወልድ ስትል ከረጢቷን ልሳ ታጸዳለች። እንገሯ ፀረ እንግዳ አካላትን፣ ወተቷ ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድሉ ፕሮቲኖችን ያቀብለዋል። ወተቱም ከግልገሉ ዕድሜ ጋር ይለወጣል፤ ካንጋሩ ለአራሱ አንድ ዓይነት፣ ከረጢት ለለቀቀው ታላቁ ሌላ ዓይነት ወተት በአንድ ጊዜ ከተለያዩ ጡቶች ታጠባለች። እንዲህ ያለውን ወተት ጣሳ ውስጥ ማግኘት አይቻልም።

መኪና ከገጫት እናት ከረጢት በሕይወት የወጣ ግልገል የሚያሳድግ ሰው ሙያው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጡት እንደጎረሰ የተገኘ ግልገል ተጎትቶ አይላቀቅም፣ አፉ ይጎዳል። የሞተችው እናት ጡት ከሥሩ ይቆረጥና ግልገሉ ከነጎረሰው ይወሰዳል፤ ጡቱን እንዳይውጠው ጫፉ በመርፌ ቁልፍ ከጨርቅ ከረጢቱ ጋር ይያያዛል። ጀማሪ አሳዳጊ የሚጨነቀው ስለ ወተቱ መጠን ነው። ከዚያ ይልቅ ሊያስጨንቀው የሚገባው የእጁ ንጽሕና ነው፦ ለእያንዳንዱ ግልገል የራሱ ጡጦ፣ ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ጨርቅ፣ ፀጉር ያላወጣውን ከሌሎች ለይቶ ማስቀመጥ።

ንጽሕናው ግን ዘላለማዊ አይደለም፤ ግልገሉ በጊዜው ከጠቃሚ ተህዋስያን ጋር መገናኘት አለበት። ለምሳሌ እንደ ዋላቢ በከረጢት የሚያድገው የኮዋላ ግልገል ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው እናቱ የምታወጣውን ለስላሳ ኩስ ይበላል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለመፍጨት የሚያስፈልጉትን ተህዋስያን የሚያገኘው ከዚያ ነው። እናት የሌለውን ግልገል የሚያሳድጉ ሰዎችም ከጤነኛ አዋቂ ኮዋላ ኩስ ወስደው ያበሉታል።