የኩኩሉ ሩጫ

ኩኩሉ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ቅኔ ጌምስ የሠራው የስልክ ጨዋታ ነው። ባለታሪኳ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሸሽ ዶሮ ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. ቴምፕል ራን የተባለው ጨዋታ ያስለመደው፣ ኩኩሉም የሚመደብበት የማያቋርጥ የሩጫ ጨዋታ ዓይነት ውበቱ ተጫዋቹን «ጀማሪ ነህ ወይስ የተካንክ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። መነሻው ዝግ ያለ ስለሆነ ልጅ መዝለልና ማጎንበስን ያለ መመሪያ ይማርበታል፤ መመሪያ ቢጻፍስ ማን ያነበዋል? ፍጥነቱ ሲጨምር መሰናክሉ ይበረክታል፤ የለመደ ጣት የሚፈተነውም እዚያ ነው። በገበጣ የጨዋታው ክብደት የሚወሰነው በተጋጣሚው ብልጠት ሲሆን፣ እዚህ ግን በሩጫው ርዝመት ነው። ስለዚህ ለምሳሌ ያዮ ከተማ ውስጥ አንድ ስልክ የሚቀባበሉ ታላቅና ታናሽ ምንም ሳያስተካክሉ በየአቅማቸው ይጫወታሉ።