ሁለት ሰው የሚለብሰው ካፖርት

አማውቲን ማየት የሚሻለው ከጀርባው ነው። ከፊት ሲያዩት ሰፋ ያለ፣ ትከሻው የወረደ፣ ቆቡ ያለ መጠን የተለቀ የብርድ ወራት ካፖርት ነው። ሥራው ያለው ከኋላ ነው። ከአንገት ሥር ጀምሮ ወደ ወገብ የሚወርድ ሰፊ ከረጢት አለ፤ ከጀርባው ጋር አንድ ሆኖ የተሰፋ እንጂ ኋላ የተለጠፈ አይደለም። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩት የኢኑይት እናቶች ሕፃን አዝለው ከቤት የሚወጡት በዚህ ነው። በኑናቩት ዋና ከተማ በኢቃሉይት የጥርና የየካቲት ብርድ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። ነፋስ ከተጨመረበት የተገለጠ ፊት በደቂቃዎች ውስጥ ውርጭ ይመታዋል። በእንዲህ ያለው ቀን ነው የጥቂት ወራት ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እየተናጠ የሚተኛው።

ፎቶግራፍ ብቻ ያየ ሰው ልጁ ቆቡ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። አይደለም። ልጁ ያለው ከቆቡ በታች፣ ከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ደረቱና ሆዱ ከእናቱ ጀርባ ጋር ይጋጠማሉ። ቆቡ የሰፋው ነፋስ ሲነሳ ሁለት ራስ አንድ ላይ እንዲከድን ነው። ነፋሱ ጋብ ሲል ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ልጁም በእናቱ ትከሻ አሻግሮ መንገዱን ያያል።

ነገሩን ለመረዳት ከሕፃኑ ገላ መጀመር ይሻላል። ሕፃን ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጠዋል። አዋቂ ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመድም ይሞቃል። አራስ ልጅ እንደ አዋቂ ተንቀጥቅጦ ራሱን አያሞቅም። ጋሪ ውስጥ ተኝቶ ሲገፋ ደግሞ የሚራመደው ገፊው ነው፤ ልጁ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብርድ ልብስ ቢደራረብበትም ብርድ ልብስ ሙቀት አይሠራም፤ ልጁ ያለችውን ጥቂት ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። የአማውቲ ሰፊዎች ነገሩን የያዙት በሌላ በኩል ነው፦ ሙቀት ያለው የምትራመደዋ ሴት ዘንድ ነው፤ ልጁን እዚያው ማስገባት ነው። በቀድሞው ወግ ከረጢቱ ውስጥ የሚገባ ልጅ እምብዛም ልብስ የማይለብሰው ለዚህ ነው። ራሱ ላይ ትንሽ ቆብ ይደረግለታል፤ ከሥሩ ሞስ የሚባለው ውኃ መጣጭ ደቃቅ ተክል ደርቆ ወይም ቁራጭ ቆዳ ይነጠፍለታል። የቀረው ገላው የእናቱን ገላ ይነካል።

ቆዳው የካሪቡ ነው፤ የዚያ አገር አጋዘን። ለልብስ የሚሆነው በበጋው ማብቂያ፣ በነሐሴና በመስከረም አካባቢ የታደነው ነው። ቀደም ብሎ ከታደነ ጠጉሩ ስስ ነው፤ ከቆዳው ሥር አድጎ ቦርቡሮ የወጣው የዝንብ እጭ የተወው ቀዳዳም ገና አልሻረም። በጣም ከዘገየ ጠጉሩ ረዝሞ ይጠቀጠቃል፤ ለመኝታ ምንጣፍ ግሩም ነው፣ ለልብስ ግን ይከብዳል፣ ይረግፋልም። በመካከል ያለችው አጭር ጊዜ ናት የምትፈለገው። እያንዳንዱ ጠጉር ውስጡ በአየር የተሞላ ነው። ካፖርቱ በሙሉ ወጉ ሲሠራ ሁለት ድርብ ይሆናል፦ የውስጠኛው ጠጉሩን ወደ ገላ፣ የውጪው ጠጉሩን ወደ ነፋስ ያዞራል። አየር በጠጉሩ ውስጥ አለ፣ በጠጉሩና በጠጉሩ መካከል አለ፣ በሁለቱ ድርብ መካከልም አለ። ልብሱ ልቅ ሆኖ የሚሰፋውም ለዚሁ ነው። ሲሞቅ አንገቱ ይላላና እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በዚያ ብርድ ላብ ካጠመቀህ ማታ መልሶ የሚያቀዘቅዝህ እሱ ነው። ከውጭ ሲገባም ጠጉሩ ላይ የተጋገረው ውርጭ በር ላይ በዱላ እየተመታ ይራገፋል። ቤት ውስጥ ቢቀልጥ ቆዳውን ያርሰዋልና።

አገር ቤት አቁማዳ ወይም ጀንዲ ሲለፋ ያየ አንባቢ የቆዳ ሥራን ድካም አያጣውም። እዚያ ግን ቅርፊትም፣ ቅጠልም፣ እምቧይም የለም። ልፊያው ሁሉ የእጅ ነው። ቆዳው ከነጠጉሩ ይደርቃል፤ ከዚያ የሥጋው ወገን በደነዘ መፋቂያ፣ ቀጥሎም በስለታም መፋቂያ ይፋቃል። መፋቂያው ስስ ሽፋኑን ያነሳል፣ ጅማቱን ይሰብራል፣ ቆዳውን ይለጥጣል። እንደ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ የነበረው እየተፋቀ፣ እየታሸ፣ እንደገና እየተፋቀ እጥፋት የማይዝ ልስልስ ይሆናል።

ለመቁረጥ ኡሉ አለ። ኡሉ የሴቶች ቢላ ነው፤ ስለቱ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አለው፣ እጀታው ከስለቱ በላይ መሐል ለመሐል የተተከለ ነው። የእጁ ኃይል በቀጥታ ስለቱ ላይ ያርፋል። ሰፊዋ ቆዳውን ገልብጣ ከሥጋው ወገን ትቆርጣለች። ስለቱ ቆዳውን ብቻ ይከፍላል፤ ጠጉሩ ሳይቆረጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይለያያል። በመቀስ ቢሆን ጠጉሩ አብሮ ተከርክሞ በስፌቱ መስመር ላይ የሳሳ ሰንበር ይቀር ነበር። በድሮው ሥራ የወረቀት ንድፍ የለም። ልኩ ስንዝርና ጣት ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ለባሿን አይቶ ማወቅ። በብዙ ቦታ የእንስሳው ጀርባ ለጀርባ፣ የጭንቅላቱ ቆዳ ለቆብ ይውላል፤ ወፍራሙ ወፍራም በሚያስፈልግበት ያርፋል ማለት ነው። የሆዱ ነጭ ጠጉር ለጌጥ መስመር ተለይቶ ይቀመጣል።

ክሩ ከዚያው እንስሳ ይገኛል። በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚሄደው ረጅም ጅማት ይወጣል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ በጥፍር እየተሰነጠቀ ክር ይሆናል። ስፌቱ በሥጋው ወገን ነው የሚሄደው። ሁለቱ ጠርዞች ይገጠማሉ፤ መርፌዋ ጥቂት ጥቂት እየያዘች ትሻገራለች፤ ወደ መጋጠሚያው የገባ ጠጉር ካለ በመርፌዋ ጫፍ ወደ ውጭ ይገፋል። ካፖርቱን ከውጭ ስታየው መጋጠሚያው የት እንዳለ መለየት ይቸግራል። ጅማት ሌላም ጠባይ አለው፦ ሲርስ ያብጣል፤ መርፌዋ የበሳችውን ቀዳዳ ራሱ ይደፍነዋል። በድሮው ሥርዓት የየብስ እንስሳና የባሕር እንስሳ ሥራ አይደባለቅም ነበር። ስለዚህ የካሪቡ ስፌት ባሕሩ ረግቶ የበረዶው ላይ አደን ሳይጀመር ማለቅ ነበረበት፤ ለመላው ቤተሰብ፣ በጥቂት ሳምንታት።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ከረጢቱ በእናትየው በኩል ክፍት ነው፤ ልጁንና እሷን የሚለይ ግድግዳ የለውም። ታዲያ ልጁ ለምን ወደ ታች አይንሸራተትም? መልሱ መታጠቂያው ነው። ከካፖርቱ ውጭ፣ ልክ ከልጁ መቀመጫ ሥር፣ አንድ ጠበቅ ያለ መታጠቂያ ይዞራል። ወደ ፊት መጥቶም እንደየአካባቢው ወገብ ላይ ወይም ከፍ ብሎ ደረት ላይ በአጥንት ቁልፍ ወይም በቋጠሮ ይያዛል። የልጁ ወንበር ይህ ነው። ሲፈታ ካፖርቱ ተራ ሰፊ ካፖርት ይሆናል፤ ሲታሰር ከኋላ መቀመጫ ይሠራል። ልጁ ሲያድግ መታጠቂያው ዝቅ ይላል፣ ይላላል። አንዱ ልብስ ለአራስም፣ ሁለት ዓመት ለሞላውም የሚበቃው በዚህ ነው። እኔ ከጠቅላላው ሥራ የምመርጠው ይህን ነው። ከሁሉ የቀለለው ክፍል ነው፤ ያለ እሱ ግን የተቀረው ሁሉ አይሠራም።

ከአንቀልባ ጋር ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። አንቀልባ ከልብስ በላይ ይታዘላል፤ ቆዳው ልጁን ይይዛል፣ ጋቢው ወይም ነጠላው ከላይ ይሸፍነዋል። መያዝና ማሞቅ ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ሥራ ናቸው። ለደጋ ብርድ ይበቃል፤ ሲሞቅም ጋቢውን ማንሳት ብቻ ነው። አማውቲ ሁለቱን ሥራ አንድ አድርጎታል፤ በዚያ ብርድ ልጁን ለአንድ ደቂቃ ገልጦ እንደገና መሸፈን አይቻልምና።

የትከሻው ስፋት እንዲሁ የመጣ አይደለም። እናትየው ክንዷን ከእጅጌው አውጥታ ወደ ውስጥ ማስገባት ትችላለች። መታጠቂያውን ታላላለች፣ ልጁን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ ታዞረዋለች፣ ታጠባዋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካፖርቱ ውስጥ ነው፤ ነፋሱ ምንም አያገኝም። ልጁን ለማስገባት ወደ ፊት ጎንበስ ትላለች፤ ልጁ በአንገቱ ቀዳዳ በትከሻዋ በኩል ይወርዳል፤ ቀና ስትል ክብደቱ ራሱ መታጠቂያው ላይ ያስቀምጠዋል። ልጁ ሽንቱ ሲመጣ ይቁነጠነጣል፤ ገላ ለገላ ስለሆኑ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ከኋላ የሚወርደው ረጅም ጭራ መሰል ቅዳጅ ለውበት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ በረዶ ላይ ስትቀመጥ ግን ከሥሯ የሚነጠፈው እሱ ነው። የቆቡ ጠርዝ ላይ የተኩላ ወይም ወልቨሪን የሚባለው አውሬ ጠጉር ይዞራል፤ የወልቨሪኑ በትንፋሽ የሚጋገርበት ውርጭ በእጅ ሲጠረግ ወዲያው ስለሚለቅ ይመረጣል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዓሣ ነባሪ አዳኞች በሃድሰን ወሽመጥ መክረም ሲጀምሩ ጨሌ በብዛት መጣ። የአማውቲው ደረትና ትከሻ በቀይ፣ በሰማያዊና በነጭ ጨሌ ተሞላ፤ ከደረቱ ሥር የሚወዛወዝ የጨሌ ዘርፍ ወረደ፤ የካሪቡ ጥርስም ተደረደረበት። ከአዳኞቹ አንዱ የነበረው ካፒቴን ጆርጅ ኮመር ከዚያ አካባቢ ብዙ ዕቃ ሰብስቦ ኒው ዮርክ ለሚገኘው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አስረክቧል። የጨሌው ሥራ ዓይን ይይዛል፤ ይገባዋልም። ሙዚየም ግን ልብሱን የሚያሳየው አብዛኛውን ጊዜ ከፊቱ ነው። ከረጢቱም ባዶ ስለሆነ ወደ ውስጥ ይሟሽሻል፤ ትርፍ ጨርቅ ይመስላል። ወደ ጎን ዞር ብሎ የጀርባውን መስመር መከተል፣ መታጠቂያው የሚያርፍበትን ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል።

ዛሬ በየከተማው የሚታየው አማውቲ በአብዛኛው የጨርቅ ነው። ከውስጥ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ከውጭ ነፋስ የማያሳልፍ ጨርቅ፤ በጠርዙ ባለ ቀለም ጥብጣብ ይዞርበታል። ልጁም ዳይፐሩንና ልብሱን ለብሶ ይገባል። ጨርቅ ይታጠባል፣ ቤት ውስጥ አይበላሽም፤ ለገበያና ለክሊኒክ መንገድ ከዚህ የተሻለ አይፈለግም። ከሰፈር ርቆ ለሚሄድ ግን ዛሬም የካሪቡን ቆዳ የሚያህል የለም። ቆዳ የሚሰፉ ሴቶችም ብዙዎቹ ጅማቱን ትተው ሰም በተቀባ የጥርስ ማጽጃ ክር ይጠቀማሉ። ጠንካራ ነው፣ አይበሰብስም፣ በየሱቁ ይገኛል። በውኃ ስለማያብጥ ግን የመርፌዋን ቀዳዳ አይደፍንም፤ ስፌቱን ከድሮው ይልቅ ማቀራረብ ያስፈልጋል።